የእውነት ዋስ

አንድ ቃል እውነት የሚሆነው ከተናጋሪው ክብር የተነሣ ነው ወይስ ተመርምሮ በመጽናቱ? ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ በሸንጎና በፍርድ አደባባይ ብቻ የሚነሣ ቢመስልም፣ አድልዎ የማያውቀው የቁጥር ዓለም እንኳ ከእርሱ ነፃ አልሆነም። ለዚህም የ147,573,952,589,676,412,927 ታሪክ ምስክር ነው።

ይህ ባለ 21 አኃዝ ቁጥር የሚገኘው 67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማራን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቁጥሩ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ ማለትም ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አስታወቀ። መርሴን በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ የተከበረ፣ የደብዳቤያቸውም መገናኛ ነበረ። ቃሉም ከ200 ዓመት በላይ ሳይፈርስ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1876 ግን ኤዱዋርድ ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን በስሌት አረጋገጠ፤ ይሁን እንጂ ዘዴው አካፋዮቹን ለይቶ የሚያሳይ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1903 በኒውዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ፣ ፍራንክ ኔልሰን ኮል የጎደለውን አሟላ። 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ ያንኑ ቁጥር ይሰጣል። በሰፊው እንደሚተረከው፣ ኮል አንዲት ቃል ሳይናገር ስሌቱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደበት ሲጠየቅም የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደፈጀ መለሰ ይባላል።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ቁም ነገር አለ። አካፋዮቹን ፈልጎ ማግኘት እጅግ አድካሚ ሲሆን፣ ከተገኙ በኋላ ማጣራቱ ግን ማባዛት ለሚችል ተማሪ ሁሉ የተፈቀደ ነው። የመጨረሻዎቹ አኃዞች 1 እና 7 ተባዝተው 7 መስጠታቸው የማጣራቱ መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ ጠቅላላው ብዜት እስኪሠራ ድረስ ፍርድ አይሰጥም። የኮል ሥራ አድማጩን እንዲያምን ሳይሆን እንዲፈትን የሚጋብዝ በመሆኑ፣ ከሒሳብም አልፎ የሥነ ምግባር ዋጋ አለው።

መርሴንን በሐሰተኛነት መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይህን ያህል ግዙፍ ቁጥር ለመፈተን የሚያበቃ ዘዴ በዘመኑ አልነበረም፤ መሳሳትም የዕውቀት ጉዞ አካል ነው። ጎጂው ስሕተቱ ራሱ ሳይሆን ምርመራን የሚያስቀር አክብሮት ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተር ይህንኑ ቁጥር በቅጽበት ይተነትነዋል። ታዲያ የኮል ድካም ከንቱ ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። መሣሪያ ድካምን ያቃልላል እንጂ የማጣራትን ግዴታ አይሽርም። ሳይመረመር የተወሰደ የመሣሪያ መልስ፣ ሳይመረመር ከኖረው የመነኩሴው ቃል በምንም አይለይም። ስለዚህ መምህርም ሆነ ጸሐፊ፣ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የሚጣራበትንም መንገድ አብሮ የማስረከብ ኃላፊነት አለበት። የእውነት ዋሷ የተናጋሪው ስም ሳይሆን ለሁሉም ክፍት የሆነ ምርመራ ነውና።