በሰው አገር ስለ መማር

ለትምህርት ከአገሩ ወጥቶ የተመለሰን ሰው ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ከዚህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፤ ይኸውም «በዚያ አገር ሳለህ ማንን ለመንህ?» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ለጆሮ ቢከብድም ትምህርትና ልመና በአገራችን ለብዙ ዘመን በአንድ ደጅ አብረው የቆሙ ናቸውና አንባቢ ፈጥኖ እንዳይፈርድብኝ እማጠናለሁ።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሴሚስተር በሚባለው የአራት ወይም የአምስት ወር ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሄዶ፥ በዚያ የተማረው ተቈጥሮለት ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤቱ የሚመለስበት ሥርዐት ተስፋፍቷል። በ1987 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የተመሠረተው ኢራስመስ የተባለው መርሐ ግብር በመጀመሪያ ለአውሮፓውያን ተማሪዎች ብቻ የታሰበ ነበር፤ በኋላ ግን ከዚያ ክፍለ ዓለም ውጭ ላሉትም በሩን ከፍቷል። ከእኛም አገር በዚህ መንገድ ሄደው የተመለሱ አሉ። ብዙ ሰዎች ጊዜው ማጠሩን አይተው «ይህስ አገር መጐብኘት እንጂ መማር አይባልም» ይላሉ። እኔ ግን የወሩ ቍጥር ዋና ነገር ነው አልልም።

ከደባርቅ ወይም ከዳባት የሚነሣ የቆሎ ተማሪ ፊደልና ዳዊት በደብሩ ከጨረሰ በኋላ ቅኔ ቢመኝ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፥ ድጓ ቢሻ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፥ ቅዳሴ ቢሻ የሊማሊሞን ቍልቍለት ወርዶ፥ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ደብረ ዓባይ ይሄድ ነበር። ስንቁ ከመንገድ አያልፍም። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ በየደጁ ይቆማል። የባለጸጋ ልጅ እንኳ ቢሆን ከዚህ ሥርዐት አይወጣም። ወላጆቹ በቅሎና ስንቅ ሊሰዱለት ይችሉ ነበር፤ ግን በአባቱ እህል የሚማር ልጅ ተማሪ ሳይሆን እንግዳ ነው የተባለ ያህል ነበረ።

ይህ ሥርዐት ከድህነት ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ገብስ የለመደው የደባርቅ ልጅ የዳጉሳ እንጀራ መብላት የሚማረው በደጅ ቆሞ ነው። የማን ቤት ሐዘን እንደ ገባበት፥ የማን ሚስት እንደ ወለደች፥ የየትኛው ማሳ እህል ውርጭ እንደ መታው ከቍራሹ ትልቅነትና ከሴትዮዋ ድምፅ ያውቃል። በአገሩ በአንድ ስም የሚጠራው ዕቃ በሌላ አገር ሌላ ስም እንዳለው ይሰማል። አንድ ዓመት ከለመነ በኋላ ያንን ቀበሌ በመዝገብ ከሚያውቀው ጸሐፊ ይበልጥ ያውቀዋል፤ ይህን የምለው በመዝገብ የምተዳደር ሠራተኛ ሆኜ ነው። እርሱም በበኩሉ ለሞተ ሰው ዳዊት ይደግማል፥ ደብዳቤ ያነባል፥ የባለቤቲቱን ልጅ ፊደል ያስቈጥራል። ስለዚህ ልመናው የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም።

ከደባርቅ ተነሥቶ በአንድ የአውሮፓ ከተማ አንድ ሴሚስተር የተማረ ወጣት የነገረኝን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባኛል። መኖሪያ ክፍሉ ከመሄዱ በፊት ተከራይቶለት ነበር፤ ምሳውን በካርድ ይበላል፥ የባቡር ትኬቱን ከመኪና ይገዛል፥ ልብሱን በመኪና ያጥባል። በትምህርቱም ጥሩ ነጥብ ያገኝ ነበር። «ሁለት ወር ሙሉ ማንም ሰው ማንንም እንድለምን አላስገደደኝም፤ ስለዚህም ከማንም ጋር አልተነጋገርሁም» አለኝ። በእነርሱ የልደት በዓል ሱቁ ሁሉ ለሁለት ቀን እንደሚዘጋ አላወቀም ኖሮ በክፍሉ ውስጥ ከሻይ ቅጠል በቀር የሚቀመስ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በር አንኳኳ። ሴትዮዋም ዳቦና ሾርባ ሰጡት፤ ቀጥሎም ካርታ አውጥተው አገሩን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ካርታው ጎንደርን ይዟል፥ ደባርቅን አልያዘም። ጣቱን ከጎንደር በስተ ሰሜን አሳርፎ «እዚህ ነኝ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እየወረደ ሲጨዋወት ቋንቋውን በክፍል ከተማረው ይበልጥ ከእርሳቸው ቀሰመ።

አንዳንድ ሰው ችግርን ማመስገንህ ነው ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ከቆሎ ተማሪዎች ስንቱ በረኃብና በወረርሽኝ በመንገድ እንደ ቀረ፥ ስንቱን ውሻ እንደ ነከሰው ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ለተማሪ ምግቡንና አልጋውን የሚያሰናዳ መንግሥት ወይም ድርጅት ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ሁሉ ነገር ከተሰናዳለት ተማሪ ላይ አንድ ነገር መጕደሉን አብረን ማየት ያስፈልጋል። ሰው የሚያውቀው የሚያስፈልገውን ሰው ነው፤ የማያስፈልገውን ግን ያልፈዋል።

የጊዜን ማጠር በተመለከተ ከታሪካችን አንድ ሰው ልጥቀስ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራ አገር ሰው ሲሆኑ በሮም በኢትዮጵያውያን ገዳም በስደት ይኖሩ ነበር። በ1649 ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በዚያ አገኛቸው። ግዕዝን ከመጽሐፍ የለቀመ ሊቅ ነበርና ሕያው አንደበት ሲያገኝ እንደ ተጠማ ሰው ሆነ። በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ መስፍን ወደ ኤርንስት ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሄዱ። በዚያ የቈዩት ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ የዛሬው ተማሪ ከሚሄድበት ሴሚስተር አይበልጥም። ነገር ግን ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፥ በ1698ም ያወጣው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከእርሳቸው አንደበት ብዙ የቀዱ ናቸው። እርሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። የኢትዮጵያን ነገር አውሮፓ ተማረ፤ አውሮፓን አይተው የተረዱት ግን ከእርሳቸው ጋር ሰጠመ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በዚያ ቤት ለማኙ ማን ነበር? ዳቦውን የበሉት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ ቃሉን የለመነው ሉዶልፍ ነው። ሁለቱም ስለ ለመኑ ጥቂት ወር በቃቸው።

ወደ ሰሜን ተራራ ስንመለስ ነገሩን ገልብጠን እናየዋለን። ደባርቅ የብሔራዊ ፓርኩ በር ናት። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከሩቅ አገር ብዙ ተማሪና ጐብኚ ይመጣል። አስጐብኚ፥ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፥ በቅሎና ምግብ አብሳይ ቀጥሮ፥ ሽንኵርቱን እንኳ ከከተማው ጭኖ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ይወጣል። ዋልያውን ያያል፥ ጭላዳውን ፎቶግራፍ ያነሣል። ገንዘቡ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከደጋው ሰው አንዲት ቂጣ ሳይለምን ወርዶ ወደ አገሩ ይመለሳል። የዕፀዋት ሊቁ ሺምፐር በ1837 ቅጠል ሊሰበስብ መጥቶ ደጃዝማች ውቤን ደጅ ጠና፤ ግዛት ተሰጠው፥ ሚስት አገባ፥ ጌታው በ1855 በደረስጌ ድል ሲሆኑ ግዛቱን አጣ፥ በ1878ም በዐድዋ ሞተ። ሁሉ ተማሪ እንደ ሺምፐር ይቅር አልልም፤ በቅጠልና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ግን እርሱ ሳያውቅ አልቀረም።

ለሰው አገር ደግሞ ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። በደባርቅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ከቈላ የመጣ ልጅ ብርዱን ሲያይ በውጭ አገር ያለ ይመስለዋል። ምግቡም አልጋውም በአጥር ውስጥ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ባላገር በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሳያነጋግር ተመርቆ ሊሄድ ይችላል። በዚህ ረገድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ነዋሪዎች ጋር የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተ ሰብ የሚባለው ሥርዐት ደስ ያሰኘኛል፤ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣው ተማሪ ከአንድ የጎንደር ቤት ጋር ይተዋወቃል፥ ያ ቤት እንደ ልጁ ይቀበለዋል።

በመዝገብ የተጻፈ ልመና እንደ ቀድሞው ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠራጠር አለ። እኔም በመጀመሪያ ተጠራጥሬ ነበር። በኋላ ግን እንዲህ ባለ ቤት በእንግድነት ተገኝቼ ነበርና ያየሁትን ልናገር። ተማሪው አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ፤ እናቲቱም «ይህ ለምን አስፈለገ?» ብለው ተቈጡት። ከዚያ የቤቱ ታናሽ ልጅ ደብተሩን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ። ቡናው ገና እየተቈላ ሳለ እንግዳው የልጁን የሒሳብ ጥያቄ ማየት ጀመረ።