የተረሳ አባሪ ሐሰት ነው?

ለአሜሪካው የግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ በፖስታ በተላከ የታክስ ማስታወቂያ ላይ ደብሊው-2 የተባለው የደመወዝ ማስረጃ ሳይያያዝ ቢቀር፣ ላኪው ዋሽቷል ይባላል? አሠራሩ እንዲህ አይፈርድም። ለተረሳ አባሪ ሲባል ብቻ የማሻሻያ ማስታወቂያ መላክ አያስፈልግም፤ መሥሪያ ቤቱ ወይ ያለ አባሪው ይጨርሰዋል፣ ወይ በደብዳቤ ይጠይቃል። ያልተፈረመ ፎርም 1040 (የግለሰቦች የታክስ ማስታወቂያ ቅጽ) ግን እንደቀረበ አይቆጠርም። ፈራሚው በሐሰት ቢያስታውቅ እንደሚጠየቅ አውቆ ቃሉን የሚሰጠው እዚያች የፊርማ ቦታ ላይ ነው። የደመወዙን ልክ አሠሪውም ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ቃሉን ግን አሠሪው አይሰጥለትም። ሕጉ ቃልን ከአባሪ ማስቀደሙ ትክክል ነው እላለሁ።

«ታዲያ አጭበርባሪው ሁሉ ረስቼው ነው አይልም ወይ?» የሚል ይኖራል፤ ስጋቱም ከንቱ አይደለም። ይሁንና የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በቢርድ ጉዳይ አንድ ቅጽ እንደ ታክስ ማስታወቂያ ይቆጠር እንደሆነ ለመለየት ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ ሕጉን ለማክበር የተደረገ ቅን ጥረት ነው፤ በዚያ ክርክር የወደቀውም ይዘቱ ሆን ተብሎ የተለወጠ ቅጽ ነበር። መርሳት ፈቃድ ስለሌለበት ኃጢአት አይባልም። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ዝም ማለት ግን ፈቃድ አለበት። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰዎት፣ የተጠየቁትን ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አያይዘው በተሰጠው ቀነ ገደብ ይላኩ።