የበሬው ሕግና የውሻው ጌታ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደ ተደነገገው፣ ተዋጊነቱ አስቀድሞ ለባለቤቱ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው የገደለ በሬ ሲወገር በባለቤቱም ላይ ሞት ይፈረድበት ነበርና፣ 50 ኪሎ ሊመዝን የሚችለውን ሮትዋይለር ውሻ ሕፃናት ወዳሉበት ቤት የሚያስገባ አባወራ፣ ነባቢትና ለባዊት (ተናጋሪና አስተዋይ) ነፍስ የሌለው እንስሳ ቢነክስ ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባዋል። ቡችላ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ግድም ሰውንና ድምፅን ካልለመደ፣ በኋላ እሱን ማረቅ አዳጋች ነው፤ እኛ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአንገቱ ጠጉር በሰንሰለት እስኪመለጥ ድረስ ቀን ከቆርቆሮ ጎጆው ጋር አስረን፣ ማታ ስንለቀው «ኃይለኛ ነው» እያልን እንመካበታለን። በፍጥረት ላይ መሠልጠናችን ለዚህ አይመስለኝም። አንባቢ ሆይ፣ የእናቱን ጠባይ ሳታይ፣ በየቀኑም የምታስተምርበት ጊዜ ሳይኖርህ፣ ቡችላውን አትውሰድ።