የምንጩ መንገድ

አንድ የቴአትር ተማሪ ነበረ። መምህሩ «ሂድና ከሕዝብ ጋር ሥራ፤ የሠራኸውንም ይዘህልኝ ና» ብለው ወደ አንድ ደጋ መንደር ላኩት። የመንደሩ ሴቶች ንጹሑን ምንጭ ትተው ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ እንደሚቀዱ ሰምቶ ነበርና ስለ ውኃ ንጽሕና የሚያስተምር ተውኔት ጽፎ፣ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ፣ ከበሮውንና ልብሱን ተሸክሞ ደረሰ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር አሳየ። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሊበተን ሲል ግን አንዲት ባልቴት፣ «ተባረክ ልጄ፤ ግን እንስራ ያዘለች ሴት እንዲህ ቀጥ ብላ አትሄድም» አሉት። ተነሥተው እንስራውን ተቀበሉት። ገመዱን በደረታቸው አሳልፈው አዘሉና ጎንበስ ብለው ጥቂት እንደ ተራመዱ ዞር አሉ።

«ለምን ዞሩ እማማ?»

«እዚህ ጋ አጥር አለዋ።»

«አጥሩ እስከዚያ ድረስ ነው እንጂ!» አለች ሌላዋ፤ ተነሥታም በእግሯ መሬቱን እየጫረች ዳር ድንበሩን አሳየች። አንዲት ልጅ የአጥሩ ውሻ ሆና ጮኸች። በየማታው እየተሰበሰቡ ሲጨምሩበት ሰነበቱ። ነገሩም ተገለጠ፤ የመንደሩ ሀብታም ለባሕር ዛፉ ሲል የምንጩን መንገድ አጥሮት ኖሯል። ሴቶቹ የወንዙን ውኃ ክፋት ከተማሪው ይበልጥ ያውቁታል፤ ልጅ ቀብረውበታል።

ተማሪው የጻፈውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። «እውነተኛውን ተውኔት አገኘነው! እሑድ ባለ አጥሩ ባለበት እናሳየዋለን» አለ። ባልቴቷ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «አንተ ሰኞ በመኪና ትሄዳለህ። እኛ ግን በሬ የምንዋሰው ከእሱ ነው፤ ልጆቻችንም የእሱን ከብት ይጠብቃሉ። መናገሩንስ እንናገራለን፤ አነጋገሩን ግን እኛ እንምከርበት» አሉት።

መከሩ። ተማሪው ደጅ ተቀምጦ ጠበቀ። መክረው ሲወጡ ተውኔቱ ውስጥ ባለ አጥር የሚባል ሰው አልነበረም። ምንጭ ላይ ተጋድሞ «እኔ እስክጠግብ ማንም አይጠጣም» የሚል ጅብ ነበረ። እሑድ ባለ አጥሩ ከፊት ተቀምጦ ተመለከተ፤ መጀመሪያ ከሁሉ በላይ የሳቀው እሱ ነበር፤ መሐል ላይ ሳቁ ቆመ። ሳምንት ሳይሞላ አጥሩ ላይ ክፍተት ታየ። እንስራ ያዘለች አንዲት ሴት በጎኗ የምታልፍበት ያህል ነበር።

ተማሪው ወደ መምህሩ ተመለሰ።

«የሠራኸው የታል?»

«እዚያው ነው የኔታ፤ የእነሱ ስለሆነ ላመጣው አልቻልኩም። መንገዱም ገና በቅጡ አልተከፈተም።»

«ታዲያ ምነው ሰኞ መጣህ?» አሉት።

ከማኅበረሰብ ጋር የሚሠራ የአሳታፊ ጥበብ ሙያ ለመማር የሚነሡ ሁሉ ይህን የመምህሩን ጥያቄ እንዲሸከሙ እፈልጋለሁ። ሰውን ወደ መድረክ ማውጣት ከባዱ ሥራ ይመስላቸዋል። በእኛ አገርማ ያ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ ግጥም ያቀብላል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ከባዱ ሕዝቡ እውነቱን ከተናገረ በኋላ ያለው ነው።

ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ይህን የተማረው ከአንድ ገበሬ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከቡድኑ ጋር እየዞረ ለመሬት ሲባል ደም ይፍሰስ እያሉ ይዘምሩ ነበር። ገበሬው ልቡ ተነክቶ፣ ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ኑና ከባለ መሬቱ ጋር አብረን እንዋጋ አላቸው። ጠመንጃው የመድረክ ዕቃ ነበር። ይፍሰስ የሚባለው የማን ደም እንደ ሆነ ያን ጊዜ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ቦአልም ራሱ ለማይደፍረው ነገር ሌላውን መቀስቀስ ተወ፤ ተመልካቹ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ መፍትሔውን የሚሞክርበትን ቴአትር ወደ መፈለግ ሄደ።

ሰኞን ያልሸሸም አለ። ኬንያ ውስጥ ሊሙሩ አጠገብ ባለችው ካሚሪቱ፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት አርቅቀው ለመንደሩ ሰው ሰጡ። ገበሬውና የፋብሪካ ሠራተኛው ንግግሩን አረሙ፣ ዘፈኑን አቃኑ፤ ልምምዱ በግልጽ ሜዳ ስለ ነበር አላፊ አግዳሚው ሁሉ አስተያየት ሰጠ። 2,000 ያህል ሰው የሚይዘውን ቴአትር ቤት ራሳቸው ሠሩት። ትርዒቱ በጥቅምት 1977 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በኅዳር መንግሥት አገደው፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተይዞ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። ሲፈታ ወደ ካሚሪቱ ተመልሶ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ሌላ ተውኔት ጀመረ። በ1982 መንግሥት ያንንም ከለከለ፤ ቴአትር ቤቱንም አፈረሰው።

ይህን ሙያ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪያችሁን በትርዒቱ ቀን ጭብጨባ አትመዝኑት። ዓመት ቆይታችሁ ወደ ሠራበት ቦታ ሂዱ፤ ማርኩን የአገሩ ሰው ይስጠው።