ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ ሁለቱን በአንድ ምሳሌ ያሰሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ነገር ከሥሩ ካልተያዘ እየደፈረሰ ይሄዳል፤ ውሃም ከምንጩ ካልተጠበቀ ከታች ያለው ሰው ምንም ቢደክም አይጠራለትም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ሁለቱን የሚነካ ነው። ይኸውም፤ ሕዝብ የሚጠጣውንና የሚዋኝበትን ውሃ የንጽሕና ደረጃ በየጊዜው እንዲመረምር ሕግ ያዘዘው መንግሥት የተወሰነለትን ቀን ቢያሳልፍና ስለዚህ ቢከሰስ፤ ከሳሹ እስከ ፍርድ መሄድ አለበትን? ወይስ ታርቆ አዲስ ቀጠሮ መቀበል ይገባዋልን? የሚል ነው።

ይህ የጠበቆች ጉዳይ እንጂ የግብረ ገብ ጥያቄ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በማስተማር ያሳለፍሁት ዕድሜ ያስገነዘበኝ፤ ትልቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በትንሽ ቀጠሮ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር መሆኑን ነው።

በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን ዜጋው መንግሥቱን እንዲከስ ሕጉ ራሱ በር ከፍቶለታል። ስለዚያ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። በ1969 ዓ.ም. በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ በሚያልፈው በካያሆጋ ወንዝ ላይ የተንሳፈፈው ዘይትና ጥራጊ በእሳት ተያያዘ። እሳትን ያጠፋል የሚባለው ውሃ ራሱ ሲነድ ማየት ሕዝቡን አስደነገጠው። በ1972 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የንጹሕ ውሃን ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወጪው በዝቷል ብለው ቢመልሱትም እንኳ ምክር ቤቱ ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጥ ድምፅ አጸናው።

ያ ሕግ በቀን የተሞላ ሕግ ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የውሃውን የንጽሕና ደረጃ ቢያንስ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረምር ያዝዛል፤ የማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም የቀረበለትን ደረጃ እንደ ሆነ መቀበሉን በ60 ቀን፤ አለመቀበሉን በ90 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ይወስናል። ከዚህም በላይ መሥሪያ ቤቱ ያለ አማራጭ የታዘዘውን ሥራ ሳይሠራ ቢቀር፤ ጥቅሙ የሚነካበት ዜጋ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊከሰው ይችላል። ሕግ አውጪዎቹ ቀን የሌለው ትእዛዝ ምኞት ብቻ መሆኑን ዐውቀው ነበር ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ ቀን መቍረጥና ቀን ማክበር አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ያህል፤ ሕጉ መሥሪያ ቤቱ በውሃ ውስጥ የሚለቀቁትን መርዞች ዝርዝር በ90 ቀን ውስጥ እንዲያወጣ አዝዞት ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላ በ1973 ዓ.ም. የወጣው ዝርዝር 9 ነገሮችን ብቻ የያዘ ሆነ። ስለዚህ የተፈጥሮ ሀብት መከላከያ ምክር ቤት የሚባለው ማኅበርና ሌሎችም ከሰሱ፤ በ1976 ዓ.ም. በዳኛ ፊት ታረቁ። በእርቁም ቃል 65 ዓይነት መርዞችና 21 የኢንዱስትሪ ክፍሎች ተዘርዝረው ለሥራው ቀን ተቈረጠለት። በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ ያንን ዝርዝር በሕጉ ውስጥ አስገባው። እንግዲህ እርቅ አንዳንድ ጊዜ ከፍርድ ይልቅ ብዙ ፍሬ ያፈራል ማለት ነው። ነገር ግን የእርቁ ቀኖች ራሳቸው ኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝመዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የባሕር ዳርቻ ውሃ ነው። ሰው የሚዋኝበትን ውሃ ለመመዘን የወጣው መመሪያ የ1986 ዓ.ም. ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣ ሌላ ሕግ ይህ መመሪያ በ5 ዓመት ውስጥ ታድሶ እንዲወጣ አዘዘ። 2005 ዓ.ም. አለፈ፤ መመሪያው አልወጣም። በ2006 ዓ.ም. ያው ማኅበር ክስ አቀረበ፤ በ2008 ዓ.ም. ታረቁ፤ መመሪያውም በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ታተመ። ሕጉ ከቈረጠው ቀን 7 ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በዚህም ላይ አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር አለ። በባሕር ውሃ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር ሊገኙ የሚፈቀዱት የአንጀት ተሕዋስያን ልክ በ1986ቱ መመሪያ በአማካይ 35 ነበር፤ በ2012ቱም 35 እንደ ሆነ ቀረ፤ 30 የሚል ሌላ ምርጫ ብቻ ተጨመረለት። ይህም ስለ ቀን የሚቀርብ ክስ ምን ያህል ጠባብ መሆኑን ያሳያል። ዳኛው መሥሪያ ቤቱን «ሥራ» ሊለው ይችላል፤ «እንዲህ ብለህ ወስን» ሊለው ግን አይችልም።

መዘግየትስ ምን ይጎዳል ለሚል ሰው የአርሴኒክን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በዚያው አገር በመጠጥ ውሃ ውስጥ የዚህ መርዝ ልክ በአንድ ሊትር 50 ማይክሮግራም ሆኖ የተወሰነው በ1942 ዓ.ም. ነው። በ1986 ዓ.ም. ምክር ቤቱ እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ ይህ ልክ እንዲከለስ አዘዘ። ቀኑ አለፈ። በ1999 ዓ.ም. ሊቃውንት መርምረው 50 የሕዝቡን ጤና አይጠብቅም አሉ። በ2001 ዓ.ም. ልኩ ወደ 10 ወረደ፤ ውሃ አቅራቢዎቹም እንዲፈጽሙት እስከ 2006 ዓ.ም. ጊዜ ተሰጣቸው። ከ1989 እስከ 2001 ድረስ 12 ዓመት ነው። እኔ አስተማሪ ነበርሁና ዓመትን የምለካው በልጅ ነው፤ በ12 ዓመት ውስጥ አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ ፊደል ቈጥሮ 6ኛ ክፍል ይደርሳል። ያ ሕፃን በየቀኑ ሲጠጣ የነበረው የዘገየውን ነው። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን በደል ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ የግብዝ ጽሑፍ ይሆናል። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ከወጣሁ በኋላ፤ በእኛ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። በሚሲዮን ሳለሁ ንጽሕናን አጥብቀው አስተምረውኝ ነበርና፤ ዘወትር ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቼን አሰልፌ ጥፍራቸውን፣ ፀጉራቸውንና ጥርሳቸውን እመለከት ነበር። አንድ ቀን የአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ጥርስ እንደ ቡና አተላ ጠቍሮ አገኘሁት። «ጥርስሽን አትፍቂምን?» ብዬ በሰልፉ ፊት ገሠጽኋት፤ ከሰል ደቍሳ በመፋቂያ እንድትፍቀውም አዘዝኋት። በማግሥቱ ድድዋ ደምቶ መጣች፤ ጥርስዋ ግን እንደ ነበረ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ ለሥራ ሲያልፍ ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን የጕድጓዱ መሆኑን አስረዳን። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ጕድጓዶች ውስጥ ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ይበዛል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ልኩን ካለፈ ግን ጥርስን ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ ያበላሸዋል፤ እጅግ በዝቶ ለብዙ ዓመት ከተጠጣም አጥንትን ያጐብጣል። የተበላሸው ጥርስ በመፋቂያ አይነጻም። ጥርስ ቀጠሮ አያውቅም፤ የሚሠራበት ጊዜ ካለፈ አለፈ።

ወላጆቹ ተሰብስበው ውሃው እንዲመረመርና ሌላ ውሃ እንዲፈለግ አቤቱታ ላኩ፤ ጸሓፊያቸው እኔ ነበርሁ። «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመጠናት ላይ ነበረ። ወላጆቹ ተቈጥተው እስከ በላይ ድረስ አቤት እንበል ባሉ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ወደ ከተማችን መጣ፤ አብሮን ምሳ በላ፤ ቡና ጠጣ፤ «በቅርብ ጊዜ ይፈጸማል፤ ነገሩን አታክርሩት» አለን። እኔም ተነሥቼ «ትልቅ ሰው ቃሉን ሰጥቶናልና ነገሩን በሰላም እንጨርሰው» ብዬ ወላጆቹን ለመንሁ። እነርሱም አስተማሪ ናቸው ብለው ሰሙኝ። ቃለ ጉባኤውን በእጄ ጻፍሁት። ዛሬ ሳስበው በዚያ ወረቀት ላይ ቀን አልነበረበትም። ሌላ ሁለት ዓመት አገልግዬ ወደ ሌላ አገር ስዛወር ልጆቹ ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ጕድጓድ ነበር።

በዚያን ጊዜ ራሴን እንደ ሰላም ወዳድ ሰው ቈጥሬው ነበር። ነገር ግን የእኔ ጥርስ በደጋ ውሃ የበቀለ ነበር፤ ጕድጓዱ ከእንግዲህ ሊያበላሸው አይችልም። እኔ ያልከፈልሁትን ዕዳ ማርሁ፤ ባለዕዳውንም በሌላ ሰው ገንዘብ አመሰገንሁት።

ከዚህ የተማርሁት ይህ ነው። በሁለት ሰዎች መካከል በተነሣ ጠብ፤ በመሬት ወሰን ወይም በብድር ቢሆን፤ ባለ መብቱ የራሱን ነገር ቢተው ልግስና ነው። ስለ ውሃ የሚከስ ማኅበር ወይም ሰው ግን የያዘው የራሱን ሳይሆን አደራ ነው። ከእርሱ በስተ ኋላ ከወንዙ በታች የሚኖረው፣ በባሕሩ ዳር የሚዋኘውና ገና ያልተወለደው ሕፃን ቆመዋል። አደራ ጠባቂ አደራውን በብልሃት ሊያስመልስ ይችላል፤ ሊሰጠው ግን ሥልጣን የለውም።

እንግዲህ እርቅ ክፉ ነውን? አይደለም። ፍርድ ቤትም የራሱ መዘግየት አለው፤ በመዘግየት ላይ የቀረበ ክስ ራሱ ለብዙ ዓመት ቢጓተት ለተጠማው ሰው ምን ይረባዋል? ከሳሹ ቢረታም ፍርዱ የሚሰጠው ያው ቀን ነውና፤ በእርቅ ፈጥኖ ማግኘቱ ጥበብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአገራችን ሽማግሌዎች እርቅን እንዲሁ በአፍ አይተውትም። በዳይ መበደሉን ያምናል፤ ዋስ ይጠራል፤ ቃሉን የሚፈጽምበትን ቀን በሰው ፊት ይናገራል። ስለ ውሃ የሚደረግ እርቅም በነዚህ በሦስቱ ሊመዘን ይገባዋል። ዘገየሁ ብሎ ማመን አለበት፤ ቀኑ መቈረጥ አለበት፤ ቀኑ ባይከበር የሚጠይቅ ዳኛ እንደ ዋስ መቆም አለበት። የ1976ቱ እርቅ ቀኖቹ ቢራዘሙም እንኳ ያልሞተው ዳኛ ይጠብቀው ስለ ነበረ ነው። የእኔ ቃለ ጉባኤ የሞተው ከሦስቱ አንዱም ስላልነበረው ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው የባለሥልጣኖች ነው፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የመርዝን ልክ ማወቅ ብዙ ምርመራ ይጠይቃል፤ በችኮላ የተወሰነ ልክም ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን ቀኑ ሳይደርስ «ይህ ይህ ቀርቶኛል፤ ይህን ያህል ጊዜ ስጡኝ» ብሎ የሚናገርና፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ እስኪከሰስ ዝም የሚል ሰው አንድ አይደሉም። የፊተኛው ሠራተኛ ነው፤ የኋለኛው የሌላውን ሰው ዕድሜ ይበደራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፤ መሥሪያ ቤትና ከሳሽ በጓዳ ተስማምተው ሌላውን ያላማከሩትን ግዴታ በሕዝብ ላይ ይጭናሉ የሚል ነው። በ1976ቱም እርቅ ላይ ፋብሪካዎች ይህን የመሰለ ክርክር አንሥተው ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ1983 ዓ.ም. እርቁን አጸናው። በ2017 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱ ሹም እንዲህ ያለውን እርቅ የሚያጠብ መመሪያ አወጡ፤ በ2022 ዓ.ም. ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሌላ ሹም ሻሩት። እኔ ይህን ተቃውሞ አልንቀውም። መድኃኒቱ ግን እርቅን መከልከል ሳይሆን እርቁን በፀሐይ ማድረግ ነው። እርቅ በዋርካ ጥላ ሥር የሚደረገው አላፊ አግዳሚው እንዲሰማው ነው።

በእኛም አገር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300፤ ማንም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ሳይል ስለ ብክለት እንዲያመለክት፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ባያገኝም በ60 ቀን ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። የአባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ» በዚህ ረገድ ተሽሯል። ሕግ በር ቢከፍት ግን የሚገባበት ሰው ያስፈልገዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያችን ልጅ በአንድ ሰርግ ላይ አገኘኋት። የልጆች እናት ሆናለች፤ አሁንም ስትስቅ አፍዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ለብቻዋ ጠርቼ ስለ ሰኞው ሰልፍም ስለ ቃለ ጉባኤውም ይቅርታ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ፤ «ጋሼ፤ የኔን ይቅር ብያለሁ፤ የሌሎቹን ልጆች ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» አለችኝ። ይህን መልስ ያስተማርኋት እኔ አይደለሁም። እኔ ነኝ ከርስዋ የተማርሁት።

ስለዚህ አንባቢዬ፤ በሕዝብ ስም ለመታረቅ በተቀመጥህ ጊዜ ከመፈረምህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፤ ቀኑ መቼ ነው? ውሃውንስ የሚጠጣው ማን ነው? የሚጠጣው አንተ ካልሆንህ ብዕርህን ጥቂት አዘግየው፤ በዚህ ዓለም ሊዘገይ የሚገባው መዘግየት እርሱ ብቻ ነው።