ትርፍ ጊዜ የማን ትርፍ ነው?

«የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ስንል «ትርፍ» የምትለዋን ቃል ዝም ብለን እናልፋታለን። እስቲ የስድስት ኪሎውን የማስተርስ ተማሪ እንውሰድ። ቀኑን ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ሲያገላብጥ ይውላል፤ ማታ ሻይ ይዞ ዳማ ይጫወታል፤ እሑድ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ይንሸራሸራል። ምን ይፈረድበታል? መጽሐፍ ላይ ብቻ የተተከለ ዓይን እኮ ፊደሉንም ማየት ያቅተዋል።

በዚያው ዳገት ቁልቁል ግን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ያዘሉ እናቶች ይወርዳሉ፣ ወገባቸው ጎብጦ። እሱ እግሩን ሊያፍታታ የወጣበትን መንገድ እነሱ እንጀራ ፍለጋ ይመላለሱበታል።

አንዳንድ ጓዶቻችን «እንግዲያው ዳማውም ሽርሽሩም ይቅር» ይላሉ። አንስማማም። እሱ ዳማ ቢተው ከሸክማቸው አንዲት ጭራሮ አትቀንስም። የሚከነክነን ሌላ ነው። ተማሪው ጊዜ የተረፈው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለጋገረለት፣ ሌላ ሰው ማገዶ ስለተሸከመለት ጭምር ነው። ከእናቶቹ አንዷ ማታ ሙዳይ ብትሰፋ ደግሞ፣ ደስ ብሏት ቢሆንም እንኳ፣ «ሥራ» እንለዋለን እንጂ «ማሳለፊያ» አንለውም!

ስለዚህ ዳማው ይቀጥል፤ ሰዓቱ ግን የብድር ነው እንላለን። ብድሩ በምን ይከፈላል? በጥናቱ ርዕስ ምርጫ ነው የሚል አለ፤ የለም፣ በጉልበት ነው የሚልም አለ። ማደሪያችን ውስጥ መብራት እስኪጠፋ እንከራከርበታለን።