ድምፅ አደራ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የሕዝብ ድምፅ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ መልካም ቢመስልም በወንጌል ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። በጲላጦስ አደባባይ የተሰበሰበው ሕዝብ ምርጫ በቀረበለት ጊዜ በርባን እንዲፈታ፥ ጌታችንም እንዲሰቀል ጮኾአልና። የብዙ ሰው ጩኸት ብቻውን እውነትን አይወልድም። ይሁን እንጂ ስለዚህ ምርጫን መናቅ አይገባም፤ ሐዋርያት ራሳቸው ሕዝቡን አስመርጠዋልና።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈው፥ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ምእመናን መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ስለ ተዘነጉ በዕብራውያኑ ላይ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ግን ማጉረምረሙን እንደ ዐመፅ አልቈጠሩትም፤ ማኅበሩ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ እንጂ። የተመረጡትን ልብ እንበል፤ ከእስጢፋኖስ ጀምሮ እስከ አንጾኪያው ኒቆላዎስ ድረስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ማኅበሩ የማዕዱን አገልግሎት ቅር ለተሰኘው ወገን ያስረከበ ይመስላል። የምርጫ ጽድቁ በዚህ ይታወቃል፤ ያሸነፈው ወገን የተከፋውን ምን ያህል ሰማው?

ወደ አገራችን እንመለስ። እሑድ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝባችን ረጅም ሰልፍ ይዞ ከብዙ ፓርቲዎች መካከል መረጠ። በመጨረሻ በተገለጸው ውጤት ከ547 የፓርላማ ወንበር ኢሕአዴግ 327፥ ቅንጅት 109፥ ኅብረት 52 አገኙ፤ የአዲስ አበባን 23 ወንበር በሙሉ የወሰደው ቅንጅት ነበር። ሕጉ በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያገኘው እንዲመረጥ ስለሚያዝ፥ ከመራጩ እኩሌታ በታች ድምፅ ይዞ ማሸነፍ ይቻላል። ስለዚህ አሸናፊው ወንበር ላላገኘው ድምፅም ባለ ዕዳ ነው።

ያ ዕዳ አልተከፈለም። ውጤቱ አከራከረ፤ ክርክሩም ወደ ደም አመራ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የ193 ሲቪሎችና የ6 ፖሊሶች ሕይወት እንዳለፈ አጣሪ ኮሚሽኑ መዝግቧል። ከእነዚህ ለእያንዳንዱ እናት አለችው፤ የፖሊሱም እናት እናት ናት። በ2002 ዓ.ም. ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 545፥ በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም ወንበር ያዙ። ቅሬታ የሚሰማበት ወንበር ሲጠፋ ግን ቅሬታው አብሮ አይጠፋም፤ ጎዳና ይወጣል። በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች የታየው ይህ ነው።

እኛስ በስደት ያለን? በኮሮጆው ውስጥ ካርድ የለንም፤ ነገር ግን ቃላችንና ገንዘባችን ባሕር ተሻግረው ይደርሳሉ። በደልን በደል ማለት ተገቢ ነው፤ ዝም እንበል አልልም። ሆኖም ጥይት በማይደርስበት አገር ተቀምጦ የሌላውን ልጅ ወደ ጥይት መግፋት ጀግንነት አይደለም። አንድ ቃል ወደ አገር ቤት ከመላካችን በፊት፥ በዚያ አደባባይ የቆመው የገዛ ልጄ ቢሆን ይህን እናገር ነበርን? ብለን እንጠይቅ።

ደግሞም ከቅዳሴ በኋላ ማን ከማን ጋር ጠበል ጸዲቅ እንደሚቀምስ የሚወስነው ፓርቲ ከሆነ፥ ከአንድ ጽዋ መቀበላችን ምን ትርጉም አለው? ጌታችን መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን አስቀድመን ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዝዞናል፤ ወንድምህ የማንን ምልክት መረጠ? ብሎ አልጠየቀም። በፓርቲ ምክንያት ሰላምታ የነሣነው ሰው ካለ፥ በሚመጣው እሑድ እኛ ቀድመን ወደ እርሱ እንሂድ። አሳባችንን እንድንለውጥ አይደለም፤ ፓርቲ ይመጣል፥ ፓርቲ ይሄዳል፤ ወንድም ግን በጥምቀት የተሰጠን ነውና።

ያሸነፈውን ከትዕቢት፥ የተሸነፈውን ከቂም፥ እኛን ከመለያየት ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።